የእትዬ አትጠገብ አባት ግብጦ

ሠላሳ ዓመት ገደማ ስለ ሠራሁት ሥራ የፍኖተ ሰላም ጎረቤቶቼ የሚያውቁት ኮምፒውተር ፊት መቀመጤን ብቻ ነው። ስለዚህ ሞባይላቸው እምቢ ሲል ይዘውልኝ ይመጣሉ። ባለፈው ሐምሌ ጡረታ ስወጣ አንዷ ጎረቤቴ «እንግዲህ ቤትሽ ሁነሽ በደንብ ትጠግኚልናለሽ» አለችኝ። ስልክ መጠገን እንደማልችል ብነግራትም አላመነችኝም። ሥራዬ ምን እንደነበር ላስረዳት ሞክሬ፣ «የትኛው እህል ከየትኛው እንደሚወለድ መቁጠር ነው» ስላት፣ «እሱንማ ገበሬው ያውቀው የለ!» ብላኝ ሄደች።

እውነቷን ነው። እኔ ይህን ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል፤ በመካከሉም አንዲት ሴት ጎድቻለሁ። የምጽፈው በተለይ ስለዚያ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ከግብርና ኮሌጅ በወጣሁ በጥቂት ወሩ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ በአንድ የዘር ምርመራ ክፍል ነበር። ክፍሉ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ማቀዝቀዣና አንድ አለቃ ነበረው። አለቃዬ አቶ ዳኛቸው ይባላሉ፤ ጋሼ ዳኛቸው እንላቸው ነበር። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ይበልጥ ዝቅ ስለሚል የሚሰደበው ሰው ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረበት።

ጋሼ ዳኛቸው በእስክሪብቶ አይጽፉም። ዝናብ ቀለም ያጥባል፣ እርሳስ ግን ይቀራል ይሉ ነበር። የዘር ከረጢት ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ከውጭ አንድ፣ በወረቀት ተደርጎ ከውስጥ ደግሞ አንድ። ከገጠር ስንመለስ ማንም ሰው እጁን ሳይታጠብ፣ ሻይ ሳይጠጣ፣ ከረጢቶቹ ተቆጥረው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ። አንድ ቀን አንዲት ከረጢት ጎድላብን ከቡሬ መንገድ ላይ መኪናውን አስመልሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልገናል። ከረጢቷ የተገኘችው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው። ሾፌሩ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ክፍላችን ወደ አንድ የምርምር ማዕከል ተጠቃለለ፤ በዘረመል መሥራትም ጀመርን። ስልጠናው በእንግሊዝኛ ነበርና አብዛኛውን አልያዝኩትም። እንዲገባኝ ያደረጉኝ ጋሼ ዳኛቸው ናቸው። እሳቸው በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ።

«ስመኝ» አሉኝ፣ «ዳዊት ሲገለበጥ አይተሻል?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«ጸሐፊው አንዲት ፊደል ይሳሳታል። ከሱ የሚገለብጠውም ያችኑ ስህተት ይዞ ይሄዳል። መቶ ዓመት ቆይቶ ሁለት ዳዊት ቢቀርብልሽና አንድ ዓይነት ስህተት ብታገኚባቸው ከአንድ እናት መጽሐፍ የወጡ ናቸው። የኛም ሥራ ይሄው ነው። ዲኤንኤ ጽሑፍ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ ስህተቱን ቆጥረሽ ዘመድ ታገኛለሽ።»

ከዚያ ቀን በኋላ አልተቸገርኩም። ከእያንዳንዱ ዘር ለጋ ቅጠል ወስደን ዲኤንኤውን እናወጣለን፤ ፕሌት በምንላት ዘጠና ስድስት ትናንሽ ጉድጓድ ባላት የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ እንከተዋለን፤ ማንበቢያ መሣሪያ ወዳለበት አዲስ አበባ እንልካለን። የሚመለስልን የፊደል ክምር ነው። እኔ በኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፍኩ ክምሩን አወዳድራለሁ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ዘር በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አንዲት ነጥብ ይሆናል። የሚዛመዱት ነጥቦች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ባዳው ራቅ ይላል። ሥራውን ወደድኩት። በየጋራው ስዞር የሰበሰብኩት ዘር እስክሪን ላይ እንደ ሠርግ ታዳሚ በየወገኑ ሲቀመጥ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህም ጋሼ ዳኛቸው ያልተዉት አንድ ልማድ ነበራቸው። በእያንዳንዷ ፕሌት ላይ አንዷ ጉድጓድ ዘር አይገባባትም፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይደረግባታል። ቦታዋም በየፕሌቱ ይለያያል። ውጤት ይዤ ስሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ውሃዋ የት ናት?» ብለው ነው። ውሃዋ ባዶ ሆና በተመዘገበችበት ቦታ ከተገኘች ውጤቱን ያያሉ። ካልተገኘች ወረቀቱን ሳይገልጡ ይመልሱልኛል።

«ኮምፒውተሩ ማን ማንን እንደሚመስል ይነግርሻል» ይሉ ነበር። «ትክክለኛውን ሰው ይዘሽ እንደቀረብሽ ግን አያውቅልሽም።»

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ ወደ ቆጋ ተመደብኩ። ቆጋ መራዊ አጠገብ ነው፤ ከግድቡ በሚወርደው ውሃ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ይመረታል። እዚያ ሁለት የድንች ዘር በሁለት ስም እየተሸጠ፣ የውሃ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር አባላት በየትኛው እንደሚሻል ተከፋፍለው ይጨቃጨቁ ነበር። መረመርኩት። ሁለቱም አንድ ናቸው። በስብሰባ ተነስቼ ይህን ስናገር ያ ሁሉ ሰው ሳቀ፣ ክርክሩም በዚያው አለቀ። አንድ ሽማግሌ «ኮምፒውተርሽ ዳኛ ነው» አሉኝ።

ያ ቀን ጎዳኝ ብል ማጋነን አይሆንም። በስብሰባ መካከል ተነስቶ የመጨረሻውን ቃል መናገር ጣመኝ።

ከቆጋ ወደ ቡሬ ተዛወርኩ። የተሰጠኝ ሥራ የግብጦን ዘር ማጥናት ነበር። ግብጦን የማያውቅ ጎጃሜ የለም፤ ለሌላው አንባቢ ግን ልንገረው። ደካማ መሬት ላይ፣ ያለ ማዳበሪያ፣ ሳይታረም የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። አጥር አይፈልግም፤ ምክንያቱም መራራ ስለሆነ ከብትም በግም አይነካውም። ሰው የሚበላው ቆልቶ፣ በጆንያ አድርጎ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ዘፍዝፎ፣ ምሬቱ ሲወጣለት ነው። ወይም አረቄ ያወጣበታል። ውጭ አገር የማይመር ግብጦ አለ፤ ከሱም ጥቂት ዘር መጥቶ በምርምር ጣቢያችን መደብ ላይ ይሞከር ነበር።

ከቡሬ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ከሚርቅ አንድ ቀበሌ እትዬ አትጠገብ የሚባሉ ሴት አሉ ተባልኩ። ያለ ወንዝ የሚበላ ግብጦ አለኝ ይላሉ፣ ሰው ግን አያምናቸውም አሉኝ። ሄድኩ።

እትዬ አትጠገብ ያኔ ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ቤተ ሰባቸው አገው ነው፤ ከእህታቸው ጋር በአዊኛ ያወራሉ፣ ከኔ ጋር በአማርኛ። ባላቸው ሞተዋል። እንደገባሁ ከእንስራ አጠገብ ከተሰቀለች ስልቻ እፍኝ ግብጦ አውጥተው በእጄ ላይ አፈሰሱልኝ።

«ቅመሽ» አሉኝ።

ጥሬ ግብጦ አይቀመስም። አመነታሁ።

«ልጄ፣ ልገድልሽ አይደለም የጠራሁሽ። ቅመሽ።»

አንዷን ፍሬ ነከስኳት። አትመርም። ጥሬ ባቄላ ባቄላ ትላለች።

«ከየት አመጡት?»

«አባቴ ነው ያወጣው። በጎቻችን ግብጦ ማሳ ገብተው አንዲት ጥግ ላይ ያለውን እስከ ግንዱ ሲበሉ አየ። በግ ግብጦ ሲበላ ታይቶ አይታወቅም። ሌላ ሰው ቢሆን በጎቹን አባሮ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የተረፈውን ዛላ ለቀመ። በያመቱ ለብቻው፣ ከጓሮ፣ በአጥር ውስጥ ይዘራዋል። ሲሞትም ለኔ ሰጠኝ። ወንድሞቼ መሬቱን ሲካፈሉ እኔ ይቺን ስልቻ ወሰድኩ።»

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። የአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበር ያን ሰሞን የአገር ዘር መዝገብ ከፍቶ ነበር፤ ማን ምን ዘር ጠብቆ እንዳቆየ በስሙ ይመዘገባል። እትዬ አትጠገብ የአባታቸው ግብጦ እንዲመዘገብ ጠይቀው፣ ሊቀ መንበሩ አቶ ልየው «የምርምር ሰዎች አይተው ይፍረዱ» ብለዋቸዋል። አቶ ልየው በማሳም ጎረቤታቸው ናቸው፤ አጥር ነው የሚለያቸው።

ዘሩን ወሰድኩ። ከአቶ ልየውና ከሌሎቹም ጎረቤቶች መራራውን ግብጦ ሰበሰብኩ። ሁሉንም በጣቢያው ዘርቼ ቅጠል ወሰድኩ። ፕሌቷን ሳዘጋጅ በአንደኛው ጫፍ ባለው ዓምድ የእትዬ አትጠገብን፣ በሌላኛው ጫፍ ባለው ዓምድ ከውጭ የመጣውን፣ በመካከሉ ጎረቤቶቹን አደረግሁ። አንድ ዓምድ ስምንት ጉድጓድ ነው። ከእትዬ አትጠገብ ስምንተኛዋ ጉድጓድ ለውሃ የተተወች ነበረች። የእሳቸው አንድ ተጨማሪ ቡቃያ ስለነበረኝ አሳዘነችኝና ውሃውን ትቼ እሷን ጨመርኩ። ለእሳቸው ብዬ ነው። ጋሼ ዳኛቸው ቢኖሩ ይሉኝ የነበረውን አውቃለሁ። ግን አልነበሩም።

ፕሌቷን ከሸፈንኩ በኋላ ስሟን በፕላስተር ላይ ጽፌ ጫፏ ላይ ለጠፍኩ። ላክኋት።

ውጤቱ ሲመጣ የእትዬ አትጠገብ ስምንት ነጥቦች ከጎረቤቶቻቸው ርቀው፣ አንድ ላይ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ውጭ አገር ካሉ ተመራማሪዎች ካገኘነው የማይመረው ግብጦ ፊደል ጋር ሳወዳድራቸው አንድ ናቸው። ከጣቢያችን መደብ የወሰድኩት ከውጭ የመጣው ዘር ደግሞ እንደ ቡሬ ግብጦ ሆኖ መጣ። ይህ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ለሁለቱም ምክንያት ሰጠኋቸው። የጣቢያው መደብ በንብ ከአካባቢው ጋር ተዳቅሏል አልኩ። የእትዬ አትጠገብ ደግሞ ድሮ በአንድ ፕሮጀክት ከታደለ ፓኬት የመጣ መሆን አለበት አልኩ። የማይመር መሆኑም ይህንኑ አጸናልኝ። የገበሬ ማሳ ዘር እንዲያ አንድ ዓይነት፣ እንዲያ የጠራ እንደማይሆን አውቅ ነበር። ብዙ ማሳ ቆጥሬ አንድም እንዲህ ያለ አላየሁም። ሳየው ግን ጥሩ ውጤት መሰለኝ።

የማኅበሩ ስብሰባ በመጋዘኑ በረንዳ ላይ ነበር። አቶ ልየው ጠሩኝ፤ ተነሳሁ። እንደ ቆጋው ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

«የወይዘሮ አትጠገብ ግብጦ የአገር ዘር አይደለም» አልኩ። «ከውጭ ከመጣው ጋር አንድ ነው።»

እትዬ አትጠገብ ከሴቶቹ መካከል ተነሱ። «አባቴ ነው ያወጣው ብዬሽ የለ?»

«ምርመራው ይህን ነው የሚያሳየው እትዬ። ምናልባት ተቀላቅሎ ይሆናል።»

አቶ ልየው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው «እንግዲያማ አባታቸው የሚያርሱት በአውሮፕላን ነበራ!» አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አትጠገብ አልተቀመጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው በመጋዘኑ ጎን ዞረው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ «ባለ ፈረንጅ ግብጦ» የሚል ስም እንደወጣላቸው ሰማሁ። በዓመቱ ቡሬ ገበያ አገኘኋቸው። ቀድመውኝ ሰላም አሉኝ።

«እንዴት ከረሙ?» አሉኝ። በአንቱታ። ያን ሁሉ ጊዜ ልጄ፣ አንቺ ሲሉኝ ነበር። በእኛ አገር አንቱታ ክብር ነው፤ እንዲህ ሲሰጥ ግን በር መዝጋት ነው።

«ግብጦውስ?» አልኳቸው።

«አልዘራሁትም። ለበጎቹ ሰጠኋቸው። እነሱስ መጀመሪያም አውቀውት ነበር።»

ነገሩ ከበደኝ፤ ግን ተሳስቻለሁ ብዬ አልነበረም። እውነት መናገር አንዳንዴ ሰው ያስቀይማል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እንዲህ ስምንት ዓመት አለፈ። በመካከሉ ሌላ ሌላ ሥራ ሠራሁ፤ የዳጉሳ፣ የበግ፣ የድንች በሽታ። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤና ማኅተም ዝርዝር ልተወው።

ጡረታዬ ሲቃረብ የቆየ ሥራዬን ለተተኪዎቼ አዘጋጅቼ እንዳስረክብ ታዘዝኩ። ያለንን የግብጦ መረጃ ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ በአዲስ ፕሮግራም ማወዳደር ጀመርኩ። የእትዬ አትጠገብ ግብጦ በነበረባት ፕሌት ላይ ካሉት የጎረቤቶች ቡቃያዎች አንዳንዶቹ በሌላ ፕሌትም ተነብበው ነበር። አንድ ቡቃያ ሁለት ጊዜ ቢነበብ ራሱን መምሰል አለበት። ያችኛይቱ ፕሌት ላይ ግን ማንም ራሱን አይመስልም። በአራተኛው ረድፍ አምስተኛዋ ጉድጓድ ያለው ዘር የሚመስለው በአምስተኛው ረድፍ ስምንተኛዋ ጉድጓድ ያለውን ነው። በሁለተኛው ረድፍ ሦስተኛዋ፣ በሰባተኛው ረድፍ አሥረኛዋን። ወረቀት አውጥቼ ሠንጠረዡን ሣልኩና ወረቀቱን አዞርኩት። ሁሉም ገጠመ።

ፕላስተሩን የለጠፍኩት በተሳሳተው ጫፍ ነው። ፕሌቷ ከላይ ወደ ታች ተገልብጣ ተነብባለች። የእትዬ አትጠገብ ዓምድ ተብሎ የተነበበው ከውጭ የመጣው ነበር፤ ከውጭ የመጣ ተብሎ የቡሬን ግብጦ መሰለ ያልኩት የእትዬ አትጠገብ ነው። በመካከል ያሉት ጎረቤቶች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ መገልበጡ አልታየኝም። አንዲት ባዶ የውሃ ጉድጓድ ብቻ ብትኖር ኖሮ ያለቦታዋ ተገኝታ ወዲያው ትነግረኝ ነበር።

ከቢሮ ወጥቼ በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ከመናኸሪያው በጋሪ ጋሼ ዳኛቸው ቤት ወረድኩ። ጋሼ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሽምብራ እሸት ይፈለፍሉ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።

«ውሃዋ የት ነበረች?» አሉኝ።

«አልነበረችም ጋሼ።»

ድምፃቸው ዝቅ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ቁጣውን ፈልጌው ነበር። እሳቸው ግን ሽምብራቸውን እየፈለፈሉ «ሴትዮዋ ታውቃለች?» አሉ።

«ገና አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

በማግሥቱ ቡሬ ነበርኩ። እትዬ አትጠገብ ደጃቸው ላይ እህል ያሰጣሉ። ቁጭ ብዬ፣ ሳልሸፋፍን፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። እጃቸውን ከእህሉ ላይ አላነሱም።

«አባቴ አልዋሸም ማለት ነው» አሉ።

«አልዋሹም። ከውጭ የመጣው የማይመረው አንዲት ፊደሉ ተለውጣ ነው። የአባትዎ ደግሞ በሌላ ቦታ ያለች ፊደል ተለውጣ ነው። እዚሁ፣ በዚሁ አገር ግብጦ ውስጥ የተፈጠረ ነው። እንደሱ ያለ ሌላ ቦታ አላገኘንም።»

«ይህን ለኔ ብቻ ነው የሚነግሩኝ?»

አልገባኝም።

«ያኔ የነገሩት ለሁሉ ነው» አሉ።

«ለሁሉም እናገራለሁ እትዬ።»

«ዘሩስ?»

ዘሩ የለም። እኛ ዘንድ የነበረው ለቅጠል ተዘርቶ አልቋል፤ የቀረን በማቀዝቀዣ ያለ ዲኤንኤ ነው። ያን አያበቅሉት። ተነስቼ ተሰናበትኳቸው።

ወደ ኮምፒውተሬ ተመለስኩ። ያች የተለወጠች ፊደል ከአባትም ከእናትም ስትመጣ ነው ግብጦው የማይመረው። ከአንድ ወገን ብቻ ስትመጣ መራራው ይጫናታል፤ ትደበቃለች እንጂ አትጠፋም። ግብጦ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ንብ ግን አልፎ አልፎ ከአጥር ወዲያ ያሻግረዋል። እትዬ አትጠገብና አባታቸው ያን ያህል ዘመን ሲዘሩት አንድም ንብ አልተሻገረም ማለት አይቻልም። ፕሌቷን አቅንቼ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ተደብቃ አገኘኋት። በሦስት ማሳ ውስጥ አለች፤ ከሁሉ የበለጠው ደግሞ በአቶ ልየው።

የማዕከሉ ኃላፊ ነገሩን በደብዳቤ ብናስታውቅ ይሻላል፣ ስብሰባ ላይ መናገሩ የማዕከሉን ስም ይነካል አሉኝ። «ስሙን የነካሁት በስብሰባ ነው» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ዘሩን ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ። ይህን ያህል ጥሩ ምክር ከአለቃ ብዙም አላገኘሁም።

ከሦስቱ ማሳዎች ግብጦ ለምኜ በመስከረም በጣቢያው ዘራሁ። ቡቃያው ቅጠል ሲያወጣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ቅጠል በኬሚካል በተነከረ ወረቀት ላይ እንጨምቃለን፤ መራራው ቡናማ ነጥብ ይተዋል፣ የማይመረው አይተውም። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ስጨምቅ ወገቤ ተቆረጠ። ቡናማ፣ ቡናማ፣ ቡናማ። በሦስተኛው ቀን አንዷ ወረቀት እንዳለች ቀረች። ደግሜ ሞከርኳት፤ ያው ናት። ሥራው ሲያልቅ አሥራ አንድ ቡቃያ አገኘን። ሁሉንም በመረብ ሸፍነን ከንብም ከበግም ጠበቅናቸው። ዲኤንኤያቸውን ስንልክ በፕሌቷ ላይ ሁለት ውሃ አደረግሁ። የእትዬ አትጠገብ አባት ግብጦ መሆኑ ተረጋገጠ።

በየካቲት ዛላው ሲደርቅ አንድ ጣሳ የማይሞላ ዘር ይዤ በመጋዘኑ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ሰዉ ያው ነው፤ አንዳንዱ ሸብቷል። አቶ ልየው አሁንም ሊቀ መንበር ናቸው።

«ከስምንት ዓመት በፊት እዚሁ ቆሜ የወይዘሮ አትጠገብ ግብጦ ከውጭ የመጣ ነው ብያችሁ ነበር» አልኩ። «ውሸት ነው። እሳቸው ያሉት እውነት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ሳህኗን ገልብጬ ነው ያነበብኳት።»

«ገልብጬ ማለት?» አለ አንዱ።

ሳስበው የመጣልኝ ገበጣ ነው። «ገበጣ ስትጫወቱ ከማዶ የተቀመጠው ሰው ጉድጓድ ላንተ በስተግራ ከሆነ ለሱ በስተቀኝ ነው። እኔ የሳቸውን ጠጠር ከማዶ ሁኜ ቆጠርኩት።»

«ሌላ ሰው ጉድጓድ ገባሽ በይና!» አለ ሰውዬው። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ በኔ ነው የሳቁት፤ ይሁን።

ዘሩ ከየት እንደተገኘ ስናገር አቶ ልየው ቀና አሉ። «ከኔ ማሳ?»

«ከርስዎ ማሳ ነው የበዛው።»

«ታዲያ በጎቼ ያችን የአጥር ጥግ እየመረጡ የሚበሏት...» ብለው አልጨረሱትም። ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ። አቶ ልየው ተነስተው ወደ እትዬ አትጠገብ ፊታቸውን አዞሩና «እትዬ፣ ያን ቀን አፌ አጥፍቷል» አሉ፤ ጎንበስም አሉ።

እትዬ አትጠገብ ቀርበው ጣሳውን ተቀበሉኝ። አንዲት ፍሬ አንስተው ነከሱ። ሰው ሁሉ አፋቸውን ያያል። አላምጠው ዋጧት። ወደ ማኅበሩ ጸሐፊ ጠረጴዛ ሄዱ።

ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «የዘሩ ጠባቂ ስም፣ አትጠገብ ቸኮል» ብሎ መጻፍ ሲጀምር እጃቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ።

«እኔን አይደለም። እኔማ ለበግ ሰጥቼዋለሁ። ቸኮልን ጻፍ።»

«የሞተ ሰው ይመዘገባል እንዴ?» ብሎ ጸሐፊው አቶ ልየውን ተመለከተ። አቶ ልየው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ቸኮል ማን ልበል?» አለ ጸሐፊው።

እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ከበረንዳው ጥግ አንድ ሽማግሌ «ዘለቀ!» አሉ።

«ጓንጉል!» አለ ሌላ ድምፅ ከሴቶቹ መካከል።

«የታችኛው መንደር ቸኮል ነው የሚባሉት፣ እሱንም ጨምር» አለ ሌላው።

«ቀስ በሉ እንጂ» አለ ጸሐፊው፤ እየጻፈ።